ቲቲኤፍ፣ ኦቲኤፍ ወይስ ዎፍ 2? በአንድ የመጽሔት ሥራ የተፈተኑ የግዕዝ ፎንት ፋይሎች

አንድ የሰፈር እድር የተመሠረተበትን 50ኛ ዓመት የሚዘክር መጽሔት እንዳዘጋጅለት ሲጠይቀኝ፣ ሥራው 64 ገጽ አቀናብሮ ለማተሚያ ቤት ከማስረከብ ያለፈ አልመሰለኝም ነበር። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ግን እያደር ሰፋ። በውጭ አገር የሚኖሩ የአባላት ልጆች በስልካቸው እንዲያነቡት ድረ ገጽ ተጨመረበት፤ ለበዓሉ የጥሪ ካርድ ተፈለገ፤ የእድሩ ጸሐፊም ከእንግዲህ የሚወጡት ደብዳቤዎች ሁሉ የመጽሔቱን መልክ እንዲይዙ በኮምፒውተር የሚሞላ ቅጽ እንዲሠራላቸው ጠየቁ። በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ፊደል መታየት ነበረበት። ፊደሉን መምረጥ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ የተመረጠውን ፊደል በየትኛው የፋይል ዓይነት ወዴት መላክ እንዳለብኝ ለይቼ እስካውቅ ድረስ ግን ሁለት ወር ስሳሳት ከረምሁ።

ለርዕስና ለሠንጠረዥ የመረጥሁት ጉግል በነፃ የሚያሰራጨውን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ሲሆን፣ ለረጅሙ ጽሑፍ የመረጥሁት ደግሞ የብዕር ጽሕፈት ጠባይ ያለውን አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ነው። የፊደሎቹን ውበት ለሌላ ጊዜ ትቼ እዚህ የምመዝነው የሚመጡባቸውን ፋይሎች ብቻ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ በእኛ ፊደል ለሚሠራ ሰው መነሻ መሆን ያለበት ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ እንደ ተራ ነገር የሚያዩት ቲቲኤፍ (በፋይሉ ስም መጨረሻ .ttf የሚል ቅጥያ ያለው) ነው። ኦቲኤፍ (.otf የሚል ቅጥያ ያለው) የሚመረጥበት ቦታ አለ፤ ቦታው ግን ከሚወራለት በብዙ ይጠባል።

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከጉግል ፎንትስ ያወረደ ሰው ዚፑን ሲፈታ ለብቻው የተቀመጠ አንድ የፎንት ፋይልና 36 ፋይሎች የያዘ አንድ ማህደር ያገኛል። ብቻውን ያለው ሁሉንም ውፍረትና ስፋት በአንድ ላይ የያዘው፣ ቫሪያብል የሚባለው ነው፤ 36ቱ ደግሞ ዘጠኝ የውፍረት ደረጃዎች በአራት የስፋት ደረጃዎች ተባዝተው የተገኙ ናቸው። ሁሉም ቲቲኤፍ ናቸው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ይህን ሲያይ ቅር አለውና «ኦቲኤፉ የለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከጥያቄው ጀርባ ያለው በሙያችን ውስጥ ሥር የሰደደ እምነት ነው፤ ቲቲኤፍ ለቢሮ ጸሐፊ፣ ኦቲኤፍ ለባለሙያ ይባላል።

እምነቱ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 አዶቢ ያወጣው ታይፕ 1 የተባለው የፖስትስክሪፕት ፎንት የኮምፒውተር ሕትመቱን ዓለም ይዞ ሳለ፣ አፕል በ1991 የቲቲኤፍ ስም የመጣበትን ትሩታይፕን ሲስተም 7 ከተባለው የማክ ሥርዓት ጋር ይዞ መጣ፤ ማይክሮሶፍትም በ1992 በዊንዶውስ 3.1 ውስጥ አስገባው። ማተሚያ ቤቱ ታይፕ 1ን፣ ቢሮው ትሩታይፕን ይዞ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በ1996 ማይክሮሶፍትና አዶቢ ኦፕንታይፕን በጋራ አስታወቁ። ይህ አዲስ አሠራር የሁለቱንም ወገን የፊደል ቅርጽ በአንድ ዓይነት ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ በመሆኑ፣ ዛሬ ቲቲኤፍ የሚል ቅጥያ ያለውም ኦቲኤፍ የሚል ቅጥያ ያለውም ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ኦፕንታይፕ ነው። የፊደል መተካካትንም ሆነ የምልክት አቀማመጥን የሚያዙት ሠንጠረዦች በሁለቱም ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ «ኦቲኤፍ ብዙ ነገር ይችላል፤ ቲቲኤፍ አይችልም» የሚለው አባባል ሐሰት ነው። አዶቢ ራሱ ለታይፕ 1 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ በ2023 መጀመሪያ ላይ አቁሟል፤ ክብሩ ግን ለኦቲኤፍ በውርስ ተላልፎ እስካሁን አለ።

በሁለቱ ቅጥያዎች መካከል ያለው ዋናው ልዩነት የፊደሉ ጠርዝ የሚሰላበት ሒሳብ ነው። ቲቲኤፍ ቅስቶቹን በሁለተኛ ዲግሪ እኩልታ፣ ኦቲኤፍ ደግሞ በሦስተኛ ዲግሪ እኩልታ ይገልጻል። በኢለስትሬተር ወይም በማንኛውም የሥዕል ፕሮግራም የምንስለው መስመር የሦስተኛ ዲግሪ ነው። ይህን ለማየት ዓይኑ ዐን የመሰለ ፊደል የለም። ክቧን ዐ በኦቲኤፍ ለመግለጽ በውጪው ጠርዝ አራት፣ በውስጠኛው አራት ቅስት ይበቃል፤ በቲቲኤፍ ግን ክቡ እንዳይጎረብጥ ብዙውን ጊዜ የቅስቶቹ ቁጥር በእጥፍ ይጨምራል። ነጥቦቹ ሲበዙ ፊደሉን ከፍቶ ማሻሻል ለሚፈልግ ሰው ያሰለቻል። አንባቢው ግን ምንም አያይም። የመጽሔቱን ሽፋን ስሠራ «ዐ»ን ከሁለቱም ፋይሎች አውጥቼ አንዱን በሌላው ላይ ደርቤ ስክሪኑ እስኪሞላ ድረስ አጎላሁት፤ በመካከላቸው የታየኝ ልዩነት ከማተሚያ ቀለም መፍሰስ ያነሰ ነበር። አርማ ለሚስልና ፊደሉን ቆርጦ ለሚቀጥል ሰው ኦቲኤፍ ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ጽሑፍ ለሚያቀናብር ሰው ግን ጥቅሙ በስም ነው።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አንድ መጥፎ ልማድ አለ። አንዳንድ ዲዛይነሮች ያወረዱትን ቲቲኤፍ ኢንተርኔት ላይ በሚገኝ መቀየሪያ ወደ ኦቲኤፍ ለውጠው «የባለሙያ ፋይል» አደረግነው ይላሉ። መቀየሪያው ነጥቦቹን በሌላ ሒሳብ ደግሞ ከመጻፍ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም፤ የሚያጠፋው ግን አለ። ትሩታይፕ ፊደሉ ትንሽ ሆኖ በስክሪን ላይ ሲታይ መስመሮቹ በየትኛው ነጥብ ላይ እንዲያርፉ የሚነግር ሂንቲንግ የሚባል መመሪያ ሊይዝ ይችላል። የስልክና የአዲስ ላፕቶፕ ስክሪን ነጥቦቹ ደቃቃ ስለሆኑ ይህ መመሪያ እምብዛም አያስፈልገውም፤ ማክ ኮምፒውተርም ጭራሽ አይመለከተውም። በእድሩ ጽሕፈት ቤት እንዳለው በአሮጌ የዊንዶውስ ሞኒተር ላይ ግን የሐ፣ የጠ እና የጨ ሦስት እግሮች በትንሽ መጠን ሲታዩ አንዱ ወፍሮ፣ አንዱ ቀጥኖ፣ አንዳንዴም ሁለቱ ተጣብቀው ይወጣሉ። መመሪያው የነበረበት ቲቲኤፍ ሲጫን እግሮቹ ተለያይተው ቆሙ፤ ከመቀየሪያው የወጣው ኦቲኤፍ ሲጫን ተመልሰው ተጣበቁ።

ከቅጥያው ይልቅ ሥራዬን ያዘገየው የፋይሉ የውስጥ አሠራር ነው። የእድሩ ጸሐፊ ለመጽሔቱ ታሪክ እንዲሆን የቆዩ ቃለ ጉባኤዎችን በፍላሽ አምጥተውልኝ ነበር። ስከፍታቸው የአማርኛ ጽሑፍ ሳይሆን የላቲን ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና የምንዛሪ ምልክት የተደባለቀበት ገጽ ወጣ። ከቃለ ጉባኤዎቹ ጋር የተቀመጠውን አሮጌ ፎንት ስጭን ገጹ በአንድ ጊዜ አማርኛ ሆነ። ያ ፎንትም ቅጥያው ቲቲኤፍ ነበር፤ እንደ ኖቶ፣ እንደ አቢሲኒካ። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት ፎንቶች 256 ቦታ ብቻ የነበራቸው ሲሆን፣ አማርኛ ግን 34ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 238 ይሆናሉ። በዚህ ላይ እነ ሏ፣ ቋ እና ኰን የመሳሰሉት ዲቃላዎች፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ከቦታው ያልፋሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ሠሪ ፊደላቱን በመሰለው መንገድ ከፋፍሎ በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ አስቀመጣቸው። ዓይን የሚያየው «እድር» ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ጥርቅም ነው።

ይህ የአቀማመጥ ውዥንብር መፍትሔ ያገኘው የግዕዝ ፊደል በ1999፣ ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የዩኒኮድ ሥርዓት 3.0 እትም ውስጥ የራሱን ቦታ ሲያገኝ ነው። ዋናው የኢትዮፒክ መደብ 384 መቀመጫዎች ያሉት ሲሆን ዛሬ 358ቱ ተይዘዋል። ለጉራጊኛና ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያስፈልጉት ተጨማሪ ፊደላት ደግሞ በ2005፣ በ2010 እና በ2021 በወጡት የዩኒኮድ እትሞች በየራሳቸው መደብ ገብተዋል። አንድን የግዕዝ ፎንት ከመግዛቴም ሆነ ከማውረዴ በፊት የማደርገው ፈተና አጭር ነው። በስልኬ የጻፍሁትን አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ገልብጬ አስገባና ፎንቱን እመርጥለታለሁ። ጽሑፉ የፎንቱን መልክ ከያዘ ፋይሉ ዩኒኮድን ያውቃል፤ በሌላ ፎንት መልክ ከቀረ ወይም ባዶ ሣጥን ከሆነ ግን ፎንቱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ለዲጂታል ሥራ ጨርሶ አይሆንም። በእንዲህ ያለ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ተፈልጎ አይገኝም፤ ተገልብጦ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ አይነበብም፤ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ መሣሪያም እንደ ጽሑፍ አያውቀውም። የእድሩን ቃለ ጉባኤዎች በከፊል በመለወጫ ፕሮግራም፣ የቀረውን ደግሞ ራሴ ቁጭ ብዬ እንደ አዲስ ጻፍሁት።

ሁለተኛው ፈተናዬ ማጥበቂያ ምልክት ነው። በዕለት ተዕለት ጽሑፍ ስለማንጠቀምበት ብዙ ሰው መኖሩንም አያስተውለው ይሆናል፤ ለሕፃናት መማሪያ፣ ለመዝገበ ቃላትና ለግጥም ግን ያስፈልጋል። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ሲሆን፣ «አለ፟» ጠብቆ ሲነበብ ይኖራል ማለት ነው። ምልክቱ ከ2005 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ የራሱ ቁጥር አለው። ሆኖም እንደ ፊደል ቦታ ይዞ የሚቆም ሳይሆን በቀደመው ፊደል አናት ላይ የሚያርፍ በመሆኑ፣ ፎንቱ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ የት እንዲቀመጥ የሚነግር ሠንጠረዥ ሊኖረው ይገባል። አጭሩ ለ እና ረጅሙ ሽ አንድ ዓይነት አናት ስለሌላቸው ሠንጠረዡ በሌለበት ምልክቱ አንዱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሌላው ላይ ተጋጭቶ ይታያል። አቢሲኒካም ሆነ ኖቶ ይህን ፈተና በቲቲኤፍ ፋይላቸው አልፈዋል። ባለፈው ዓመት ከአንድ ሻጭ በገንዘብ የገዛሁትና «ፕሮፌሽናል ኦቲኤፍ» የተባለው ፎንት ግን ምልክቱን ከፊደሉ ቀጥሎ ባዶ አየር ላይ አስቀመጠው።

ወደ ደብዳቤው ቅጽ ልመለስ። አብሮኝ ለሚሠራው ልጅ ግፊት ተሸንፌ በመጀመሪያ ያስገባሁት ከኖቶ ፕሮጀክት የወሰድሁትን የኦቲኤፍ ቅጂ ነበር። ፎንቱ ከሰነዱ ጋር አብሮ እንዲሄድ የሚያደርገውን አማራጭ አብርቼ ላክሁ። በማግሥቱ ጸሐፊው ደውለው «ልጄ፣ አንተ እኔ ጋ ያሳየኸኝ ሌላ፣ ሊቀመንበሩ ጋ የደረሰው ሌላ» አሉኝ። ሄጄ ሳየው በሊቀመንበሩ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ የለም፤ ዊንዶውስ በራሱ ፎንት ተክቶታል፤ ርዕሱም በሁለት መስመር ተሰብሮ ማኅተሙ ከሚያርፍበት ቦታ ገብቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው። የቢሮ ፕሮግራሞች ከሰነዱ ጋር አጣብቀው ለመላክ የሚስማማቸው የትሩታይፕ መስመር ያለው ፋይል ነው፤ ኦቲኤፍን ብዙ ጊዜ ምንም ሳይናገሩ ይተዉታል። በቲቲኤፉ ተክቼ ስልከው ተስተካከለ። «ተመስገን ጋሼ፣ አሁን ለሁሉም አንድ ነው» አልኋቸው። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ግን፣ ፎንቱ በተለወጠ ጊዜ እንኳ ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ መቆየቱን ነው፤ እንደ አሮጌዎቹ ቃለ ጉባኤዎች ወደ ላቲን ጥርቅም አልተበተነም።

በዚሁ ቅጽ ላይ የአቢሲኒካ ድክመትም ታየ። አቢሲኒካ የሚመጣው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። ጸሐፊው ግን እንደ ማንኛውም ሰው ቃሉን መርጠው የማድመቂያውን ቁልፍ ይጫናሉ። ደማቅ ፋይል በሌለበት ፕሮግራሙ የፊደሉን ጠርዝ በራሱ ያወፍርና የውሸት ደማቅ ይፈጥራል፤ የመ እና የሠ ክፍት ቦታዎች ይጠባሉ፣ የጭ ውስጥ ደግሞ ከሞላ ጎደል ይደፈናል። መፍትሔዬ ለአጽንዖት ኖቶን መጠቀም ሆነ። ማዝመሚያውን ቁልፍ ግን እንዳይነኩ ለመንኋቸው፤ የግዕዝ ፊደል ዘመም ብሎ የሚጻፍበት ወግ ስለሌለው ፕሮግራሙ ሲያዘምመው በነፋስ የተገፋ አጥር ይመስላል።

ለማተሚያ ቤቱ የሚሄደው ፒዲኤፍ ከጠበቅሁት በላይ ቀላል ነበር። ፒዲኤፍ የተጠቀምንባቸውን ፊደላት ቆርጦ በውስጡ ስለሚይዝ ቲቲኤፍ ይሁን ኦቲኤፍ ለማሽኑ ብዙ ለውጥ የለውም፤ ለሕትመት የተዘጋጀው ፒዲኤፍ ኤክስ የተባለው ደረጃም ፎንቶች ሁሉ በውስጡ እንዲገቡ ያስገድዳል። የማተሚያ ቤቱ ሰው ግን እንደ ልማዱ «ሁሉንም ከርቭ አድርገህ አምጣው» አለኝ። ለሽፋኑና ለካርዱ እሺ አልሁት። ለ64 ገጽ ጽሑፍ ግን አልተስማማሁም፤ ፊደል አንዴ ወደ መስመር ከተለወጠ በኋላ በመጨረሻው ሰዓት የአንድ ሟች አባል ስም ተሳስቶ ቢገኝ የሚታረም ፊደል የለም። ስሙም ተሳስቶ ተገኘ፤ «ኃይሉ» መሆን የነበረበት «ሀይሉ» ተብሎ ነበር፤ ቤተሰቡ ደግሞ በዚህ አይደራደርም። ፋይሉ ጽሑፍ ሆኖ ስለቆየ በአምስት ደቂቃ ታረመ።

ድረ ገጹ ላይ ክርክር አያስፈልግም፤ ዎፍ 2 ነው። ዎፍ ማለት ያንኑ ቲቲኤፍ ወይም ኦቲኤፍ ጨምቆ ለድረ ገጽ የሚጠቀልል ማሸጊያ ነው። የመጀመሪያው ዎፍ በ2012 መጨረሻ፣ ዎፍ 2 ደግሞ በ2018 የዓለም አቀፉ ድር ጥምረት ይፋ ምክረ ሐሳብ ሆነዋል። ሁለተኛው ብሮትሊ የተባለውን የመጨመቂያ ዘዴ ስለሚጠቀም ከመጀመሪያው በአማካይ ወደ 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የዚህ ቅናሽ አንዱ ምንጭ ዎፍ 2 ከመጨመቁ በፊት የትሩታይፕን ነጥቦች በተለየ ዘዴ አስተካክሎ መደርደሩ ነው፤ ይህ ድርደራ ለኦቲኤፍ መስመር አልተሠራም። ቲቲኤፍን መነሻ አድርጉ የምልበት ሌላው ምክንያቴ ይኸው ነው። ዎፍ 2ን የማያውቀው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በ2022 ስለተሰናበተ፣ ዛሬ አሮጌውን ዎፍ አብሮ ማስቀመጥ ከልማድ በቀር ምክንያት የለውም። የአቢሲኒካ ዚፕ ለድረ ገጽ የተዘጋጁትን ፋይሎች ለብቻ አድርጎ ስለሚያመጣ ሥራ ያቀልላል። በሞባይል ዳታ ገጽ የሚከፍት አንባቢ የፎንቱን ክብደት በብር ይከፍላልና፣ ይህ ቅናሽ ለእኛ ከፍጥነት በላይ ትርጉም አለው።

በዚሁ ክብደት ስጨነቅ የፈጸምሁት ስሕተት ግን አለ። ፋይሉን ይበልጥ ለማሳነስ የማያስፈልጉትን ፊደላት ቆርጬ የኢትዮፒክን መደብ ብቻ አስቀረሁ። ገጹን ስከፍተው «መስከረም 1 ቀን 1967» ከሚለው ውስጥ ቁጥሮቹ ከፊደሎቹ አጠር ብለው፣ ቀጠን ብለው ከሌላ ፎንት መጥተዋል። ጥቅሶቹም እንዲሁ። «» የሚሉትን የጥቅስ ምልክቶች ዕድሜ ልካችንን የአማርኛ አድርገን ስለምንቆጥራቸው፣ በዩኒኮድ ውስጥ ግን መቀመጫቸው ከላቲኑ ጋር መሆኑን አላሰብሁም። የጥያቄ ምልክቱ፣ ቅንፉ፣ ሰረዙ፣ በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሳይቀር እዚያው ነው። ከዚህም ሌላ፣ አንድ አባል በጉራጊኛ የጻፉት ግጥም ውስጥ ያሉ ጥቂት ፊደላት ከዋናው መደብ ውጪ በመሆናቸው ባዶ ሣጥን ሆነው ወጡ። ግጥሙ የሟች ወንድማቸው መታሰቢያ ነበርና ስሕተቱን ቀድሜ ማየቴ በጀኝ። አማርኛ የሚያሳይ የድረ ገጽ ፎንት የሚቆርጥ ሰው ከኢትዮፒክ መደቦች ሁሉ በተጨማሪ መሠረታዊውን የላቲን ክፍል ከነጥቅሶቹ ማስቀረት አለበት። የሚጨምረው ክብደት ከቁምነገር አይገባም።

ቫሪያብሉን ፋይል እወደዋለሁ፤ ለማንም ዝም ብዬ ግን አልሰጥም። ይህ አሠራር በ2016 በአዶቢ፣ በአፕል፣ በጉግልና በማይክሮሶፍት ስምምነት ወደ ኦፕንታይፕ የገባ ነው። በአንድ ፋይል ውስጥ ከቀጭኑ እስከ ጥቁሩ ያለው ውፍረት ሁሉ ይገኛል፤ የኖቶው ደግሞ ስፋትንም ይጨምራል። ለአማርኛ ይህ የስፋት ነገር ቅንጦት አይደለም። ፊደሎቻችን ሰፋፊዎች ናቸው፤ ግሦቻችንም ረጃጅም ናቸው፤ «እንዲያስተላልፉላቸው» የሚል ቃል በጠባብ የስልክ ዓምድ ውስጥ ሲገባ መስመሩን ብቻውን ይይዛል። በድረ ገጹ ላይ ስክሪኑ ሲጠብ ርዕሱ በመጠኑ እንዲጠብ ሳዝ፣ ዐሥር በመቶ የማይሞላ መጥበብ ርዕሱን ከሦስት መስመር ወደ ሁለት አወረደው። ዓይን ልዩነቱን አያውቀውም። ፎቶሾፕና ኢለስትሬተር ከ2018 እትማቸው፣ ኢንዲዛይንም ከ2020 እትሙ ጀምሮ ይህን ፋይል ይቀበላሉ። የእድሩ ጽሕፈት ቤት በሚጠቀምበት ፕሮግራም ግን የውፍረቱ ማንሸራተቻ ስለሌለ፣ ለእነርሱ ከ36ቱ ውስጥ ሦስቱን ብቻ መርጬ ሰጠሁ፤ መደበኛውን፣ ከፊል ደማቁንና ደማቁን። ቫሪያብሉንና ነጠላዎቹን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን መጫን ደግሞ ስማቸው ስለሚመሳሰል ፕሮግራሞችን ያደናግራል፤ አንዱን መምረጥ ነው።

ስለ ፈቃዱ በአጭሩ ልናገር። ሁለቱም ፎንቶች በኤስአይኤል ክፍት የፎንት ፈቃድ የወጡ ናቸው፤ ለንግድ ሥራ መጠቀም፣ ማካፈል፣ ማሻሻልም ይቻላል፤ ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ግን አይቻልም። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር፣ በዚህ ፈቃድ የሚወጡ አንዳንድ ፎንቶች ስማቸውን የተጠበቀ ስም ማድረጋቸው ነው። ፊደል መቁረጥ እንደ ማሻሻል ስለሚቆጠር፣ ቆርጦ ለሌላ የሚያሰራጭ ሰው ስሙን መለወጥ ሊኖርበት ይችላል። ከዚፑ ጋር የሚመጣውን የፈቃድ ጽሑፍ ማንበብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በገንዘብ የሚገዙት ፎንቶች ግን ብዙ ጊዜ ለኮምፒውተርና ለድረ ገጽ የተለያየ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ቲቲኤፉን ገዝቶ ራሱ ወደ ዎፍ 2 የሚለውጥ ሰው ሳያውቀው ውል ሊያፈርስ ይችላል።

ሥራውን ሳስረክብ በጸሐፊው ፍላሽ ላይ ያስቀመጥሁት ማህደር ሦስቱን የኖቶ ቲቲኤፎች፣ አንዱን አቢሲኒካ፣ ሁለቱን የፈቃድ ጽሑፎችና የቃለ ጉባኤዎቹን የዩኒኮድ ቅጂ የያዘ ነው። ዎፍ 2ዎቹ በድረ ገጹ ሰርቨር ላይ ናቸው፤ በኮምፒውተር ላይ ስለማይጫኑ ለእርሳቸው አይጠቅሙም። ኦቲኤፉ ግን እኔው ጋ ነው ያለው፤ የእድሩን አርማ ለማስተካከል በተጠራሁ ጊዜ ብቻ እከፍተዋለሁ። አሮጌውን ፎንት ላጠፋው ስል ጸሐፊው ከለከሉኝ፤ ቤታቸው ገና ያልተከፈቱ 11 ዲስኬቶች አሉ።